ከኖፓ መጥተው የተመለሱት ሽማግሌዎች

በኢሉባቦር ምድር ከእኔ የከበደ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልተወለደም። ትናንት ለሰፈራችን መንገድ የሚነጠፍ ድንጋይ ደጄ ላይ ሲራገፍ፣ አንዱን ላቀብል ብድግ ባደርገው ማጅራቴ ከእኔ ቀድሞ አስታወሰ። የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ታውቃላችሁ? ዝናብ የጠገበ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል። በዚያ ሽታ ወደ ሃያ ዓመቴ ተመለስኩ፤ ቦርጬም ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

እርግጥ ክብደቱ ላይ ጨምሬበታለሁ። ድንጋዩ አንድ ዳቦ ቢያህል ነው። ሶር ወንዝ ዳር ግማሽ ቀን ፈልጌ ያገኘሁት፣ ውሃ ያለሰለሰው፣ አንገት የማይቧጭር ድንጋይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቱ ውስጥ እኛ ሰፈር አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን አባቷ ቤት በረንዳ ላይ ዘርግታ ስትሰፋ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር ይቀላቀላል፤ ዝናቡ ሲያባራ የእሷ ብቻ ይቀራል። ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። መርፌ በከንፈሩ ይዞ መሳቅ የሚችል ሰው ከእሷ በቀር አላየሁም።

ኖፓ የሚያስተምር አንድ መምህር ፈለጋት። እሷም ወዳዋለች፤ ስሙ ሲነሳ የመኪናዋ ፍጥነት ይጨምር ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆረጠ። በግ ታረደ፣ ከጫካ ቆፎ በወረደ ማር ጠጅ ተጣለ፣ አባቷም ካፖርታቸውን አስተኮሱ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች መናኸሪያ ሲወርዱ እኔ እዚያ ነበርኩ። ከተማ ሙሉ ሰው እያለ እኔን ጠየቁኝ።

“ማሎ፣ እባክህ የኔ ልጅ፣ የልብስ ሰፊዋን አባት ቤት አሳየን” አሉኝ ጃንጥላ የያዙት።

“ለልጅቷ ነው እንዴ አባቶቼ? ተቀደማችኋ!” አልኳቸው፣ ፊቴን እንደ ለቀስተኛ አጨማድጄ። “ያለፈው እሁድ ከጎሬ መጥተው ቀለበት አስረውላታል። ሦስት በግ ነው የታረደው!”

ስዋሽ እንኳ በግ አልቆጥብም።

የታጨች ልጅ ደጅ ሄዶ መጠየቅ እንደነሱ ላለ ሰው ትልቅ ነውር ነው። በኦሮምኛ ትንሽ ተነጋገሩ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ “ከውርደት አዳንከን” ብለው መረቁኝና በመጡበት መኪና ተመለሱ። መረቁኝ እኮ!

እነ ልብስ ሰፊዋ ቤት በሩ ተከፍቶ ዋለ። አባቷ “ንቀውን ነው” ብለው ዝም አሉ፤ ኖፓዎቹም “ተቀድመናል” ብለው ዝም አሉ። ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ የለም፤ ኩራቱን ውጦ የሚጠይቅም አልተገኘም። በሰኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለገበያ መቱ መጥተው አባቷን “እንኳን ደስ ያለዎት” ሲሏቸው ጉዱ ፈነዳ። “ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ነው የነገረን” ሲሉማ፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ተጠርጣሪ አልነበረም። ግን ረፍዶ ነበር። ለመምህሩ ቤተሰቦቹ ቸኩለው ሌላ አጭተውለት፣ ቀለበቱን አስሯል።

ፍልሰታ ሲገባ ልቁረብ ብዬ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዝናብ የመታውን ነጠላቸውን እየጨመቁ ሰሙኝና “እኔን ምን አደረግከኝ? መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ፤ ከዚያ ትመጣለህ” አሉኝ።

ሄድን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ድንጋዬን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ከኋላ። የልጅቷ አባት ግቢ ጭቃ ላይ ተንበረከክኩ። በረንዳው ሥር የተጠለሉት ዶሮዎች ሁሉ እኔን የሚያዩ መሰለኝ።

አባቷ ፊታቸውን አዞሩ። “የበደለው እሷን ነው። እሷ ትናገር።”

የስፌት መኪናው ቆመ። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች።

“ለምንድን ነው ያደረግከው?”

“ቀልድ ነበር።”

“ሳቅክ?”

የዝናቡ ውሃ በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል።

“አባ” አለች ወደ ካህኑ ዞራ፣ “ይቅር ካልኩት በኋላ መቆጣት አይፈቀድልኝም አይደል?”

“አይፈቀድልሽም፣ ልጄ።”

“ሳየው ፊቴን ማዞርስ?”

“እሱም።”

“ታዲያ ለእኔ ምን ተረፈኝ?”

ካህኑ አጎንብሰው ጭቃውን አዩ። “አላስገድድሽም” አሉ ቀስ ብለው። “ጌታም መስቀል ላይ ሆኖ ይቅር ሲል ቀሎት አይደለም።”

ከዚያ መጣችና ድንጋዩን በገዛ እጇ ከማጅራቴ አነሳችው፤ የተበደለ ሰው ድንጋዩን ካነሳ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። “እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ” አለች። ድንጋዩን በመዳፏ መዘን መዘን አደረገችና፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ “ከዚህ ከበድ ያለ አጥተህ ነው?” አለችኝ።

ቃሏን ጠበቀች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መንገድ ላይ ቀድማ ሰላም ትለኛለች። ሱሪ ስወስድላት እንደማንኛውም ደንበኛ ለክታ “ሐሙስ ና” ትለኛለች። ምነው አንዴ በሰደበችኝ እያልኩ እመኝ ነበር። አንድ ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ የመምህሩ ሚስት ቀሚስ ልታሰፋ ከኖፓ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት ፈለግኩ፤ የለም። መርፌዎቹን ከከንፈሯ አወጣችና ለሴትዮዋ “ይሄ ቀለም ያምርብሻል” አለቻት።

ዛሬ በረንዳው የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ ባጃጆቹ ፊት ለፊቱ ይሰለፋሉ። እሷ ሳታገባ ወንድሟ ዘንድ በደሌ ከሄደች ብዙ ዘመን ሆናት። የስፌት መኪና ድምፅ ከየትም ቤት ሲመጣ እግሬ ይዘገያል።

ለእሷም ለካህኑም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያን እሁድ ሽማግሌዎቹን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ አልነበረም፤ ከማለዳ ጀምሬ እጠብቃቸው ነበር። ወድጃት ነበር። ይህን ደብቄ ቆረብኩ። መምህሩ ከቀረ በኋላም፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ሽማግሌ አልላክኩባትም። እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።