የመድኃኒቱ ቀይና የደሜ ቀይ

በእናቴ ወገን ያሉ ወንዶች ደማቸው አይረጋም። አጎቴን ጥርሱን ባስነቀለ በሦስተኛው ቀን ነው የቀበርነው። እኔም ምላጭ የማልነካ፣ ከጭረት የምሸሽ ሆኜ አደግሁ። ፈሪ ሲሉኝ አልቀየምም፤ እስካሁን ያቆየኝ ፍርሃቴ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስሠራ ሳል ያዘኝ። አንድ ቀን መሐረቤ ላይ ደም አየሁና ደሴ ዙሪያ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

"ያው ደማችን ነው፣ አብሽር" አለችኝ።

አመንኳት። በእኛ ቤት ደም ሲታይ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም። ሁለት ወር ሙሉ እየሳልኩ፣ ሱሪዬ እየሰፋኝ ከረምኩ። በመጨረሻ ደሴ ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለኝ። "ከሰው ሁሉ ቀድመህ መምጣት የነበረብህ አንተ ነበርክ" አለኝ፣ ስለ ደማችን ስነግረው።

ኮምቦልቻ ካለው ጤና ጣቢያ የሳምንት ኪኒን ተሰጠኝ። በማግስቱ ሽንት ቤት ገብቼ ቁልቁል ባይ ሽንቴ ቀልቷል። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። አጎቴ ትዝ አለኝ። ኩላሊቴ ደማ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ኪኒኑን አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ጠራ፤ ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሳሌ ግን ደም ይዞ ቀጠለ።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ኪኒኖቹን ከትራሴ ስር አገኘቻቸው።

"ወላሂ አንተ ልጅ ልትገለኝ ነው!" እያለች እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

"ሽንትህን የሚያቀላው መድኃኒቱ እኮ ነው" አለች ነርሷ። "የመጀመሪያ ቀን ነግሬህ ነበር።"

ሳትነግረኝ አልቀረችም። ያን ቀን ዓይኔ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መርፌ አልተነቀለም ነበር፤ የሰማሁት ነገር የለም። እናቴ በእፎይታ ሳቀች።

"እሺ፣ እውነተኛው ደም የመጣ ቀንስ በምን አውቀዋለሁ?" አልኩ።

ነርሷ፣ "ካመመህ፣ ከጠቆረብህ፣ ወይም ከተጠራጠርክ ሮጠህ ና" አለችኝ። እኔ ደግሞ የማልጠራጠርበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየጠዋቱ ትደውላለች።

"ዛሬስ ቀልቷል?"

"አዎ እማ፣ ቀልቷል።"

"አልሐምዱሊላህ!" ትላለች፤ ኪኒኑን መዋጤን የምታውቀው በዚያ ነው። እኔ ስልኩን ዘግቼ ተመልሼ ሽንት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ዛሬ ያየሁት ቀይ የመድኃኒቱ ይሁን የደሜ አላውቅም።