ጠያቂ የማይገባበት ቤት

ኢዲዶ መንደር ሄዳችሁ «የሮሆቦት ቤት የት ነው?» ብትሉ «የትኛዋ?» ይሏችኋል። «በር ዘጊዋ» ካላችሁ ግን ሕፃን ሳይቀር እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። ስሙን ያወጡላት ባሏን ሊጠይቁ መጥተው ከደጅ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። በር እንድትዘጋ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ዲላ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። እኔን አንድም ሰው አልሰደበኝም። ሰው ነጭ ጋዋን ይፈራል።

ባሏ ኢዮስያስ ከቡናው በላይ ያለውን የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀ። በእኛ አገር እንዲህ የሚወድቅ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ጎረቤት ጮሆ ተሰበሰበ፤ እየተሻሙ አነሱት። ሞተር ሳይክል ላይ ከሹፌሩና ከወንድሙ መሃል አስቀመጡትና፣ አንገቱ እየተንጠለጠለ፣ በዚያ ኮረኮንች እያንገጫገጩ አስፋልቱ ድረስ አወረዱት። ዛፉ የጀመረውን ሞተሩ ጨርሶት ይሆን? ማንም አያውቅም። እኔ ጋ ሲደርስ ከእምብርቱ በታች መርፌ ብወጋው አይሰማውም ነበር።

ሐኪሙ አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ መጎዳቱንና ዳግመኛ እንደማይሄድ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የሐኪም አይደለም፤ የእኛና የሚስት ነው። ሮሆቦት ቀጭን ናት፤ ክንዷ ግን እንሰት ሲፍቅ የኖረ ክንድ ነው። አልጋው አጠገብ አቆምኳትና እንዲህ አልኳት፦ «እኔና አንቺ ስንተኛ የደነዘዘው ጎናችን ይቀሰቅሰናል፣ እንገላበጣለን። እሱን የሚቀሰቅሰው የለም። በየሁለት ሰዓቱ አዙሪው። ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን በዓይንሽም በእጅሽም እዪ። በእኛ ቆዳ ላይ ቁስል ሲጀምር አይቀላም፤ ጠቆር ይላል፣ ሲነኩት ይግላል። ያን ካየሽ በዚያ በኩል አታስተኚው። ይህን ከተውሽ የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን ቁስሉ ነው።»

አንዴ የነገርኳትን አልደገምኩላትም። ከሆስፒታል ሲወጡ ከእኔ እኩል ታገላብጠው ነበር።

ችግሩ ኢዮስያስ ሰው የሚወደው ሰው መሆኑ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክለው እሱ፣ ጎረቤት ቤት ሲሠራ ጭቃ የሚረግጠው እሱ፣ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራው እሱ። ውለታው ያልደረሰበት ቤት አልነበረም፤ ሁሉም ውለታውን ሊመልስ መጣ። ሙዝና አቮካዶ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከጸሎት መልስ ይመጣሉ፣ ከገበያ መልስ ይመጣሉ። ገብቶ ቶሎ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ወንበር ሲያልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ለጠያቂ ጀርባ አይሰጥም፤ ስለዚህ ኢዮስያስ በጀርባው ተንጋሎ ፊቱን ለሰው ሰጥቶ ይውላል። ሮሆቦት ልታዞረው ስትነሳ አማቷ ክንዷን ትይዛታለች።

«ምን ነካሽ? ልጄን በሰው ፊት ልትገልጪው ነው?»

እሱም ያፈጥባታል። ሽንቱ የሚወርድበትን ቱቦ እንኳ ሰው እንዳያይበት በብርድ ልብስ ያስሸፍናታል። ከጠዋት እስከ ማታ በዚያው በጀርባው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። እሺ፣ ይሁን። መድኃኒት ግን መጠን አለው፤ ሲበዛ እንደሚገድል ነርስ ሁሉ ያውቃል።

ክረምት ሲገባ መልሳ አመጣችው። ገና ኮሪደሩ ላይ እያሉ ሽታው ደረሰን። ከወገቡ ግርጌ ያሰረችለትን ጨርቅ ስፈታ ጡጫዬ የሚገባበት ጉድጓድ አገኘሁ፤ ሥሩ ላይ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። እሱ ምንም አይሰማውም። እኔ የሞተ ሥጋ እየቆረጥኩ እሱ ጣሪያውን እያየ ስለ ዝናቡ ያወራኛል፣ ማን ማን እንደጠየቀው ይቆጥርልኛል።

ደሜ ፈላ። ሮሆቦትን ወደ ውጭ ጎትቼ «ጠያቂ ወይም ባል፣ አንዱን ምረጪ፤ ሁለቱን አታገኚም» አልኳት። ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ።

መረጠች። ቤት በገባች ማግስት በሩን ዘጋች። መጀመሪያ «አሁን እያጠብኩት ነው» ትላለች፤ ሰውም ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጥሎ «ተኝቷል» አለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲመጡ «በመስኮት ጸልዩለት» ብላ አስቀረቻቸው። አማቷ በሩን በዱላ ደበደበች፤ አልከፈተችም። ያን ቀን መንደሩ ፈረደባት። በረሃብ ልትገድለው ነው ተባለ። ሌላ ወንድ አስገብታለች ተባለ። መሬቱን ፈልጋ ነው ተባለ። ውኃ ስትቀዳ ሰላም የሚላት ጠፋ። ቡናዋን የሚያግዛት አልተገኘምና ብቻዋን እየለቀመች፣ በየመሃሉ ቅርጫቱን ጥላ እየሮጠች ገብታ ታዞረው ነበር።

ጉድጓዱ ከሥሩ መሙላት ጀመረ። ዓመት ፈጀ፤ ግን ሞላ፤ ቆዳ ለበሰ። እንዲህ ያለ ቁስል ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ሴት እጅ ሲድን አይቼ አላውቅም። ለምርመራ ያመጣችው ቀን ከደስታዬ ብዛት አቀፍኳት። እሷ አላቀፈችኝም።

«ሲስተር፣ አያናግረኝም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ወዳጆቹ በደጁ ሲያልፉ ድምፃቸውን እየለየ ሲሰማ ነው የከረመው፤ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እነሱም ሚስቱን ጠልተው ድምፁን እንዳልሰሙ ሆነው ያልፋሉ። እኔ ፊት እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። «ቆዳዬን አዳንሽ፤ እኔን ግን ከነነፍሴ ቀበርሽኝ» ያላት ያን ሳምንት ነው። ተናድጄበታለሁ። ሆኖም ዋሽቷል ማለት አልችልም።

እናቱን አስጠርቶ «ውሰዱኝ» ያለውም እሱ ራሱ ነው። ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አሪቻ የሚባል መንደር፣ እናቱ ቤት ወሰዱት። እየዘመሩ ነበር የሚሄዱት። ሮሆቦት ከተረከዙ ሥር የምታደርገውን ስፖንጅ ይዛ ከኋላ እየሮጠች አማቷን ትለምናለች፦ «እናቴ፣ ወገቡን እዪለት፤ ጠቆር ካለ በጀርባው አታስተኚው።»

«እኔ የወለድኩትን ነው አንቺ የምታስተምሪኝ?» አለቻት አማቷ። ስፖንጁ መንገድ ላይ ቀረ።

አንድ እሑድ አሪቻ ሄጄ አየሁት። ቤቱ ጢም ብሏል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በጀርባው ተንጋሎ መዝሙር ይመራል። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ይህን አልክድም። ሽታው ግን ከደጅ ነው የተቀበለኝ። «እባካችሁ ለአፍታ ውጡልኝ፣ ጀርባውን ልየው» አልኩ። የተነሳ ሰው የለም። እናቱ ሙዝ ሰጠችኝ።

«ሲስተር፣ ዛሬ ፊቴን ይዩ፤ ጀርባዬን ይተዉት» አለ ኢዮስያስ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ያውቅ ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያለው።

ስወጣ ሮሆቦትን አጥሩ በር ላይ አገኘኋት። ከኢዲዶ በእግሯ መጥታ፣ አማቷ «ጠያቂ በዝቷል፣ መቀመጫ የለም» ብላ ደጅ አቁማታለች። ቁስሉ እንደተመለሰ ልነግራት አፌን ስከፍት «ሸቶኛል፣ አይንገሩኝ» አለችኝ።

ብዙም አልቆየ፤ ትኩሳቱ ጀመረውና ሞተ። ለቀብሩ የወጣው ሰው ከመቃብሩ ተርፎ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሰባኪው «ወንድማችን ሰው ሳይለየው አረፈ» ሲል ሕዝቡ «አሜን» አለ። አማቷን ደግፈው ፊት አስቀመጧት። ሚስቱን ከኋላ፣ ከማታውቃቸው ሴቶች መሃል ተዉአት።

በሳልስቱ ኢዲዶ ሄድኩ። መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም የሚሄደው አሪቻ፣ እናቱ ቤት ለቅሶ ለመድረስ ነው። የሮሆቦት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ ወንበርና አግዳሚ በየግድግዳው ደርድራለች፤ ከየት እንደተዋሰችው እንጃ። ቆሎና ውኃ አቅርባለች። ቆሎው አልተነካም። ከመጣ ሰው የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ።

ድክም ብሎኝ፣ ያ ሁሉ ወንበር እያለ፣ ሳላስበው ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ዘፍ አልኩ።

«ሲስተር፣ አልጋው ላይ አይቀመጡ!» ብላ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። ክንዴን ይዛኛለች። ከዚያ አልጋውን አየችው፣ እጇንም ለቀቀችኝ።

«ግድ የለም» አለች። «ይቀመጡ።»