የአባቴ ጋቢ

ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሀይሌ ጋርመንት ሳንደርስ ሬዲዮኑ የየከተማውን ሙቀት እየዘረዘረ ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ ጥርሴን ነከስኩ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ድሬዳዋ ይሠራ ነበር። ጎፋ ቤታችን አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ እሱን እሱን በሚሸት ጋቢው ተጠቅልዬ እተኛለሁ። አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ጋቢውን አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ሲከት እናቴ ደረሰችበት።

«እዚያ ሐምሌም ጥርም ያው ሙቀት ነው ስትል አልነበር? ጋቢው ለማን ነው?»

አባቴ አቀርቅሮ ሻንጣውን መዝጋት ቀጠለ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጋቢም ወንድና ሴት አለው እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ዛሬ ጋቢው የሄደለት ያ ሕፃን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ወንድምህ ነው ይሉኛል። እኔ እዚህ በብርድ ስንቀጠቀጥ እሱ በዚያ ሙቀት በጋቢዬ ተጠቅልሎ ማላቡ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።