የስታቲስቲክስ ሃንዳውቱ የማን ነው?

«ይሄ እኮ የእኔ ሃንዳውት ነው!»

ዛሬ ጠዋት ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለ ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ሰው ጮክ ብለው ተናገሩ።

ሃንዳውቱን የያዘችው እህል በረንዳ ጤፍ የምትሸጥ፣ በኤክስቴንሽን ዲግሪዋን የምትማር ሴት ናት። ፈተናዋ ዛሬ ከሰዓት ነው። ሰውዬው ደግሞ መምህሯ ናቸው።

በዚያ ቤት አንድ ካርቶን አለ። የተፈተነ ተማሪ ሃንዳውቱን እዚያ ይተዋል፤ የሚቀጥለው ኮፒ አስደርጎ፣ የገባውን ጠርዙ ላይ ጽፎ ይመልሳል።

«ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። የሴትየዋ ፊት ተለወጠ፤ ሌላ የምታነበው የላትም።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ገጽ ዘጠኝን ይዩልኝ» አለቻቸው።

አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩ። ምሳሌው ላይ ስሌቱን ተሳስተዋል፤ አንዱ ተማሪ በቀይ አርሞታል። ሌላው፣ የዱባይ ተራ ጫማ ነጋዴ መሆን አለበት፣ ከሥሩ «የጫማ ቁጥር አማካይ 39 ተኩል ቢመጣም ገበያ የሚፈልገው 40 ነው» ብሎ አስረድቷል።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ እንጃ ቲቸር። የሁላችንም ነው።»

ዕውቀት የጋራ ሀብት ነው ሲባል በጋዜጠኝነቴ ስንት ስብሰባ ላይ ሰምቼ ዘግቤያለሁ። ሲሠራ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

መምህሩ ወደ ባለማሽኑ ዞሩ። «ሁለት ኮፒ። አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእኔ።»

«ቲቸር፣ ገጽ ዘጠኝ ፈተናው ላይ አለች እንዴ?»

«ሂጂና አንብቢ!» አሉ፤ ሳቃቸው ግን አመለጣቸው።

እናንተስ፣ በማታውቁት ሰው ማስታወሻ ያለፋችሁት ፈተና አለ? እስኪ አውጉን።