ያልሰረዝኩት ቅጂ

ዛሬ አቃቂ፣ የሞቱ ሰው «ልጄ፣ ቁጭ በይ፣ ደከመሽ» አሉኝ።

ሳንባ ላይ ጠባሳ እየፈጠረ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር በሽታ ለሚደረግ ጥናት መረጃ እሰበስባለሁ። የቀድሞው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ጋሽ ታደሰ ዛሬ የክትትል ቀጠሮ ነበራቸው። ቤታቸው ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ጥቁር ለብሰዋል።

ታብሌቴ ላይ «ሞት» የሚለውን ነካሁ። አንድ ጣት ይበቃል፤ ፎርሙ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

«ድምፁ የተቀዳ የለንም፤ አንቺ ጋ አይጠፋም» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

«የሳንባቸው ድምፅ ብቻ ነው ያለኝ» ብዬ ከፈትኩላቸው። ትንፋሻቸው ደረቅ ጭድ የሚረገጥ ይመስላል። መሐል ላይ ያ «ልጄ፣ ቁጭ በይ» የሚለው ንግግር መጣ። ባለፈው ቀጠሮ ቆሜ ስቀዳ አይተው አላስችል ብሏቸው ነው።

ንግግር የገባበት ቅጂ ለጥናት አይሆንም። መሰረዝ ነበረብኝ፣ ረስቼዋለሁ።

እትዬ አልማዝ ወንበር ሳቡልኝ። «ተቀመጪ እንጂ፤ ቁጭ በይ እያለሽ ነው እኮ።»

እናንተስ፣ ሳይሰረዝ የቀረ የማን ድምፅ አላችሁ?