ወጌሻዋ የቆጠሩልኝ ስብራት

ብስክሌቷ የአጎቴ ነበረች። ሥራ ቀይሮ ወደ ጊኒር ሲሄድ «ላንቺ ናት» ብሎ ግቢያችን ውስጥ አቁሟት ሄደ። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ነው፤ በእሷ ግን አስርም አይሞላም። ከተማችን ሮቤ ሜዳ ነው፣ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጎባ መንገድ እስከ ስንዴው ማሳ እወጣና፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ሲመልሰኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። ይህን ስጽፍም ፈገግ እያልኩ ነው፣ ምን ላድርግ።

አባቴ ግን ከሱቁ ደጃፍ ባየኝ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። «አንድ ቀን ሬሳሽን ያመጡልኛል» ይላል። እኔም መከራከሪያ አዘጋጀሁ፦ ፍሬኗን አስጠብቄያለሁ፣ አስፋልቱን ትቼ በውስጥ መንገድ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ አልነዳም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብስክሌቷን በሰንሰለት ከአጥሩ ጋር አስሯት አገኘሁት። «ባጃጅ እያለ!» አለኝ።

ባጃጅ ማለት እኛ ጋ ከኋላ አራት ሰው፣ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ሁለት ነው። ቀጭን ስለሆንኩ ሁሌም ከፊት ነኝ፤ ግማሽ ጎኔ ብረት ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ። ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ያወራል። በሦስተኛው ሳምንት ከገበያ የሚመለስ የፈረስ ጋሪ ድንገት ታጠፈብን፤ ሹፌሩ መሪውን ጠመዘዘው፣ ባጃጇም በጎኗ ተኛች። ሌሎቹ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። እኔ በግራ እጄ ላይ ነበር የወደቅሁት።

አባቴ ወጌሻ ጋ ወሰደኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው አሮጊት ናቸው፤ እጄን በቅቤ እያሹ፣ እንዳልጮህ ወሬ ይጠይቁኛል።

«ከምን ወደቅሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

አባቴ ቀደመኝ። «ከባጃጅ ነው፣ እማማ። አልሐምዱሊላህ፣ ብስክሌት ላይ ብትሆን ኖሮ ሞታብኝ ነበር።»

ሕመሙን ረሳሁት። «እማማ፣ ዘንድሮ ከብስክሌት ወድቆ ስንት ሰው መጣብዎት?»

ቅቤ በነካው ጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ፈረስ የጣለው... እሱ ብዙ ነው። ውሃ ተሸክማ ጭቃ ያዳለጣት፣ ከጣሪያ የወደቀ፣ ላም የረገጠቻት። ባጃጅማ እንጀራዬ ሆኗል። ብስክሌት... አንድ ልጅ መጥቶ ነበር። እሱም ቆሞ ሰንሰለት ሲያስገባ ጣቱን ተነክሶ ነው።»

«የሚነዳት ሰው ስለሌለ ነዋ» አለ አባቴ። «ሰው ሁሉ ብስክሌት ላይ ቢወጣ ቤትዎ አይበቃም ነበር።»

እውነት ለመናገር ይሄ ልክ ነው፤ እኔም አስቤበት አውቃለሁ። ግን መልስ ነበረኝ። «እሺ አባዬ፣ ውሃስ? ውሃ ሁሉም ሰው ይቀዳል። እማዬ ክረምት ላይ ወገቧን የተጎዳችው ጀሪካን ተሸክማ ነው። ጀሪካኑን ለምን በሰንሰለት አላሰርከውም?»

ወጌሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጡ እጄ አብሮ ተንቀጠቀጠና ጮህኩ። አባቴ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ለእሳቸው ብቻ አወራ።

«ስብራቱንስ እርስዎ ይጠግኑታል፣ እማማ። የደረሰች ልጅ እግሯን ከፍታ ከተማውን ስትዞር ያየ ሰው ምን ይላል? እሱን ማን ይጠግንልኛል?»

ይቆጡልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጨርቁን መጠቅለል ቀጠሉ። «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምንከራከረው ስለ አጥንት ይመስለኝ ነበር። ፍሬን ማስጠበቄ፣ በውስጥ መንገድ እሄዳለሁ ማለቴ፣ የቆጠርናቸው ስብራቶች፣ ሁሉም ላልተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። አደጋዋ እኔ ራሴ ነበርኩ። ለዚያ ደግሞ ፍሬን የለም።

እጄ እንደታሰረ፣ ሰንሰለቱ ለታናሽ ወንድሜ ተፈታ። ሰባተኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን ከጋሪ ጋር ተላትሞ ጉልበቱ ተልጦ መጣ። አባቴ ቁስሉን እያጠበለት «ወንድ ልጅ ሳይወድቅ አይለምድም» አለው። ስለ ሬሳ ማንም አላነሳም።

እጄ ሲፈታ ብስክሌቷን ጠየቅሁ። «የወንድምሽ ናት፤ እሱን ለምኚው» አለኝ አባቴ።

አልለመንኩትም። ጠዋት ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ። ፔዳሉን የሚረግጠው በእግሩ ፊት ሳይሆን በተረከዙ ነው፤ አባታችን ነድቶ ስለማያውቅ፣ እኔንም ስላልጠየቁኝ፣ ማንም አላሳየውም።