አንቱ የተባለው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ሚስቱ እሱን «አንቱ» ማለት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሞላው። ሌላው ሰው ሲከበር ደስ ይለዋል፤ የእሱ ግን አንጀቱ አረረ። «ምሳዎ ቀርቧል»፣ «መቀስዎን ያንሱልኝ» ባለችው ቁጥር ከሚስቱ ሳይሆን ከአለቃው ጋር የሚኖር እየመሰለው ይሸማቀቃል።

ጥፋቱ የራሱ ነው። በሱቃቸው እሷ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ቁልፍ ትሰፋለች፤ እሱ ይቆርጣል። ከሦስት ሳምንት በፊት የአንድ ሹፌር ሱሪ አሳጥሮ ቆረጠና፣ ሰውየው የተራቆተ ቁርጭምጭሚቱን እያየ ሲጮህበት፣ «ልኩን አሳስታ የጻፈችው እሷ ናት» ብሎ እርፍ!

ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ፣ ኩርፊያውን ሰምቶ ጡብ የሚያህል የድሮ ልብወለድ አዋሰው። «ስለ ፍቅር የቀረ ነገር የለበትም፤ አንብበህ ተማርበት» አለው። ልብስ ሰፊው ከጋዜጣ በቀር አንብቦ አያውቅም። ቢሆንም ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ እግሩን የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ጭኖ ያነብ ጀመር። ባለታሪኩ አንድ ኩሩ ጌታ ነው። የሚወዳትን ሴት ሰው ፊት ያሳፍራትና ከዚያ ስድስት መቶ ገጽ ሙሉ ስለ ጨረቃና ስለ ዓይኗ ያወራላታል።

ልብስ ሰፊውም ጊዜ አላጠፋም። ቁልፍ እየሰፋች ሳለ ፊቷ ተገትሮ፣ «ያለ አንቺ ቀኑ ሁሉ ይጨልምብኛል» አላት።

መርፌዋን እንኳ ሳታቆም፣ «አሞዎታል እንዴ?» አለችው።

አፍሮ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ ሌላ አግብታ ሄደች። ልብስ ሰፊው ተናዶ ጠረጴዛውን መታ። «አንተ ደደብ! አጥፍቻለሁ ብትላት ምን ነበረበት?» ብሎ በመጽሐፉ ሰውዬ ላይ ጮኸ። ወዲያው የሹፌሩ ሱሪ ትዝ አለው። ላብ አጠመቀው።

በማግስቱ ሹፌሩ በተበላሸው ምትክ የተሰፋለትን አዲስ ሱሪ ሊወስድ መጣ። ልብስ ሰፊው ሚስቱ ባለችበት ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማ ወንድሜ፣ ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷማ በትክክል ነው የጻፈችው። ዋሽቼህ ነው።»

«ይሄኛው ጫማዬ ድረስ ይድረስልኝ እንጂ፣ ለእኔ ሁለታችሁም ቅዱሳን ናችሁ» ብሎ ሹፌሩ ሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። ሹፌሩ እስኪወጣ ጠበቀች።

«አንተ» አለችው። ልቡ በደስታ ዘለለ። «ያን ቀን ልኩን የጻፍኩበት ደብተር እጄ ላይ ነበር እኮ። ገልጬ ላሳየው እችል ነበር። ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ ነው የከደንኩት።»

ልብስ ሰፊው ሦስት ሳምንት ሙሉ የናፈቀውን ቃል ሰማ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።